ለጋሹ ሕንፃውን ይሠራል፤ ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ማን ይቻለው? (አዘዞ ለታሰበው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት)

የአዘዞው፦

ጤና ይስጥልን። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የአዘዞ (ጎንደር) ተወላጅ ተወልዶ ባደገበት ሰፈር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊያሠራልን ቆርጦ ተነሥቷል። ቦታውን ከተማ አስተዳደሩ እንደሚሰጥ በቃል ተነግሮናል። ንድፉ ገና ነው፤ የታሰበው 10 በ14 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ወለል አዳራሽ፣ ከጎኑ አነስተኛ ቢሮና መጸዳጃ ነው። ለጋሹ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ቤቱ በአባቱ ስም እንዲጠራ፣ አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ሙሉ መጽሐፍ ከአሜሪካ እንዲመጣ፣ ከዚያም ሁሉን ለመንግሥት አስረክቦ እጁን እንዲያወጣ።

አስተባባሪዎቹ የምንፈራው ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ነው። ሪባን ተቆርጦለት በዓመቱ የተቆለፈ ንባብ ቤት በየከተማው አለ። እንዲህ ያለ ስጦታ በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ ተሰጥቷልና፣ የቀደሙት ለጋሾች ምን ዓይነት ውል ይዋዋሉ ነበር? የቱ ሠራ፣ የቱ ከሸፈ? የመግባቢያ ሰነዱን ስናረቅ ምን ምን ይግባበት? የምታውቁ እርዱን።

መዝገብ ያዥ፦

የፈራችሁት ትክክለኛውን ነገር ነው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚጠፋው በየዓመቱ ደመወዙን፣ መብራቱንና አዲስ መጽሐፉን የሚችለው ነው።

ብዙ ትምህርት ያለው የአንድሩ ካርኔጊ ስጦታ ላይ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ደንፈርምሊን ከተማ የተወለደ የሸማኔ ልጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1848 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፔንሲልቬንያ ተሰደደ። እዚያ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባሉ ሰው 400 ያህል የግል መጻሕፍታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበርና፣ ካርኔጊ በልጅነቱ ያነበበው ከዚያ እየተዋሰ ነው። በብረት ሥራ ከበለጸገ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1929 ባለው ጊዜ በገንዘቡ 2,509 ቤተ መጻሕፍት ተሠሩ። ከእነዚህ 1,689ኙ አሜሪካ ውስጥ፣ 660ው ብሪታንያና አየርላንድ፣ 125ቱ ካናዳ ነበሩ።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከተማው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን የሚያየው የካርኔጊ ጸሐፊ ጄምስ በርትራም ነው። እሱም መጠይቅ ይልካል፦ የሕዝቡ ብዛት ስንት ነው፣ አሁን ቤተ መጻሕፍት አለ ወይ፣ ስንት መጽሐፍ አለው፣ ቦታ ተዘጋጅቷል ወይ፣ ከተማው በዓመት ስንት ይመድባል። የስጦታው መጠን ብዙውን ጊዜ በነዋሪ 2 ዶላር ያህል ታስቦ ይቆረጣል። ከተማው ሁለት ግዴታ ይገባል። አንደኛው ቦታውን ራሱ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው የስጦታውን 10 ከመቶ በየዓመቱ ከግብር ገቢው ለቤተ መጻሕፍቱ ለመመደብ በምክር ቤት ውሳኔ ማጽደቅ ነው። 10,000 ዶላር የተቀበለ ከተማ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ይመድባል ማለት ነው። የከንቲባ ቃል ብቻውን አይበቃም ነበር። ካርኔጊ መጽሐፍ አይገዛም፣ ደመወዝም አይከፍልም፤ ያ የከተማው ድርሻ ነው።

አሁን የከሸፈውን ላንሣ፤ ለናንተ የሚጠቅመው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1915 ካርኔጊ ያቋቋመው የስጦታ ድርጅት፣ የካርኔጊ ኮርፖሬሽን፣ አልቪን ጆንሰን የሚባል የኢኮኖሚክስ ሊቅ መድቦ ወደ 100 የሚጠጉ ቤተ መጻሕፍትን እንዲያይ ላከው። ያገኘው ነገር ደስ አይልም፦ ሕንፃው ቆሞ ቃል የተገባው ገንዘብ በየዓመቱ እየጎደለ የሚሰጥባቸው ከተሞች አሉ፤ በሙሉ የሚሰጥባቸው ቦታዎችም ላይ ቢሆን ሥራውን የያዘው ያልሠለጠነ ሰው ስለሆነ መጽሐፉ ከአንባቢ ጋር አይገናኝም። ጆንሰን ገንዘቡ ከሕንፃ ወደ ባለሙያ ሥልጠና እንዲዞርና ክትትል እንዲኖር መከረ። አዲስ የሕንፃ ስጦታ እ.ኤ.አ. በ1917 ቆመ፤ ለዚህ የአንደኛው የዓለም ጦርነትም ምክንያት ነበር።

ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ችግሩ በሕግ የመጣ ነው። የ1850ው የቤተ መጻሕፍት ሕግ ከተሞች ከንብረት ግብር በፓውንድ ግማሽ ፔኒ እንዲሰበስቡ ፈቀደ፤ ገንዘቡ ግን ለሕንፃና ለሠራተኛ እንጂ ለመጽሐፍ መግዣ እንዳይውል ከለከለ። መጽሐፍ በስጦታ ይመጣል ተብሎ ታሰበ። በ1855 ወደ አንድ ፔኒ ከፍ ብሎ ለመጽሐፍም ተፈቀደ፤ ጣሪያው እስከ 1919 ድረስ አንድ ፔኒ ሆኖ ቀረ። ትንንሽ ከተሞች ከካርኔጊ ትልልቅ ሕንፃ ተቀብለው ያችን ፔኒ ለከሰል፣ ለመብራትና ለጽዳት ሲያውሉ ለመጽሐፍ የሚተርፍ አጡ። የካርኔጊን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ያጠኑት ፕሮፌሰር አዳምስ በ1915 ባቀረቡት ሪፖርት ይህን በግልጽ ጽፈውታል፦ ከአቅም በላይ የተሠራ ሕንፃ መጽሐፉን በላው።

ወደ አዘዞ ስንመለስ፣ ከሁሉ በፊት በጀቱን አስይዙ። አስተዳደሩ «እንረከባለን» ሲል የካፒታል (የግንባታ) በጀቱን እያሰበ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የምትፈልጉት መደበኛ (የደመወዝና የሥራ ማስኬጃ) በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሕንፃው መስከረም ላይ ቢያልቅና ቤተ መጻሕፍቱ በሐምሌው በጀት ካልተያዘ፣ አሥር ወር ያህል ያለ ደመወዝ ይቆማል። የሥራ መደቦቹ (ባለሙያ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ) መፈቀዳቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት በእጃችሁ ይግባ። ካርኔጊም ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይለቅም ነበር፤ ሥራው እየታየ በየደረጃው ይከፈል ነበር። የናንተም ለጋሽ ክፍያውን በሦስት ከፍሎ እያንዳንዱን ከአንድ ሰነድ ጋር ያያይዘው፦ የመሠረቱን ክፍያ ከይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ጋር፣ የግድግዳውን ከምክር ቤት ውሳኔው ጋር፣ የጣሪያውንና የማጠናቀቂያውን ከሥራ መደቡ ደብዳቤ ጋር።

ካርታው ላይ ጠበቅ በሉ። ራሱን የቻለ ካርታ ሳይኖረው በቀበሌ ግቢ ውስጥ የተሠራ ንባብ ቤት ከሆነ፣ ቢሮ ሲጠብ መጀመሪያ የሚወሰድ ክፍል እሱ ነው።

ዕቃ ቤት፦

ከመዝገብ ያዥ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ 10 ከመቶውን ግን እንደ ጥሩ ምሳሌ አልቀበለውም። የምክር ቤት ቃል ምክር ቤቱ ሲቀየር ይረሳል። ከካርኔጊ በፊት የነበረውን የኢኖክ ፕራትን መንገድ ተመልከቱ፤ ካርኔጊ ራሱ ያደንቀው ነበር። ፕራት እ.ኤ.አ. በ1882 ለባልቲሞር ከተማ 833,333 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሰጠ፤ ሕንፃውን ለብቻው አሠራ። በምላሹ ከተማው በየዓመቱ 50,000 ዶላር ለዘለዓለም ለቤተ መጻሕፍቱ ሊከፍል በሕግ ታሰረ። ሒሳቡን ሥሩት፤ የ833,333 ዶላር 6 ከመቶ ነው። ቃል ብቻ ሳይሆን ዋናው ገንዘብ በከተማው እጅ ስለገባ ከተማው ባለዕዳ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ በ1886 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ደግሞ ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የኛ ነገሥታት ደብር ሲተክሉ ሕንፃውን ብቻ ሠርተው አልሄዱም። አድያም ሰገድ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ጉልት ተክለዋል፤ ካህኑ፣ ደብተራው፣ መምህሩና ዕቃ ቤት ጠባቂው የሚተዳደሩበት መሬት ከነስሙ ተቆጥሮ ተሰጥቷል። ስጦታውም የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ነበር፤ ምስክሮቹ ተዘርዝረው፣ የሚያፈርሰው ተወግዞ። መጽሐፉም ራሱ ይጠበቅ ነበር፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን) የሚለውን ቃል በየብራናው ታገኙታላችሁ። በፋሲል ግቢ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፤ መጽሐፉ ግን ትውልድ የተሻገረው በመሬት የሚተዳደር ጠባቂ በነበረባቸው ዕቃ ቤቶች ነው።

ይህም ቢሆን ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። አጼ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰቡት ስብስብ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ስብስቡ ተዘረፈ፤ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። የሁሉንም ደብር መጽሐፍ አንድ ቦታ መከመር ለአንድ አደጋ ማጋለጥ ሆነ። ሁለተኛው ስብራት የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ነው። ጉልቱ ቀረ፤ ዕቃ ቤቶቹ በምእመን መዋጮ ላይ ወደቁ። መተዳደሪያው ከአንድ ምንጭ ብቻ ከሆነ ምንጩ ሲደርቅ ሁሉም አብሮ ይደርቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ለጋሹ ለሕንፃ ካሰበው ገንዘብ አንድ ሦስተኛውን ይቀንስና ለመተዳደሪያ ያስቀምጥ። 10 በ14 የነበረው 8 በ12 ቢሆን ግድ የለም፤ 96 ካሬ ሜትር የሚሠራ ቤት ከ140 ካሬ ሜትር የተቆለፈ ቤት ይሻላል። ገንዘቡን ግን በብር ባንክ አስቀምጣችሁ ወለዱን ብቻ አትጠብቁ። የፕራት 50,000 ዶላር እንኳ ቁጥሩ ሳይቀየር ዋጋው በዘመን ብዛት ሟሟ፤ የብርን ነገር ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሁላችንም እናውቃለን። በመንገዱ ፊት ሁለት ሦስት ሱቅ ሠርቶ ማከራየት ይሻላል፤ ኪራይ ከዋጋ ጋር አብሮ ይነሣል። የኪራይ ውሉ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ይሁን፣ ገቢውም ቤተ መጻሕፍቱ ራሱን ችሎ በከፈተው ሒሳብ ይግባ። ለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተፈቀደውን የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት (ንብረት ለበጎ ዓላማ ተለይቶ የሚቀመጥበት) አማራጭ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመካከሩበት።

ሱቆቹ ጀርባቸውን ለንባብ ክፍሉ የሰጡ ይሁኑ። ሙዚቃ ቤትና ወፍጮ በውሉ ይከልከሉ።

963፦

እኔ ስለ ኮንቴይነሩ ልናገር፤ ሰዎች የማያስቡበት ጉድ እሱ ነው።

ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 22,000 ያህል መጽሐፍ ይይዛል። በአንድ ሜትር መደርደሪያ 35 መጽሐፍ ቢሰለፍ ወደ 630 ሜትር መደርደሪያ ይፈልጋል። ባለ 90 ሳንቲሜትር አምስት ደርብ የሆነ አንድ መደርደሪያ 4.5 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 140 መደርደሪያ። የናንተ አዳራሽ 140 ካሬ ሜትር ነው። ለአንድ አንባቢ ከነወንበሩና መተላለፊያው 2.3 ካሬ ሜትር ስጡና 40 መቀመጫ አድርጉ፤ 92 ካሬ ሜትር ሄደ። ከቀረው ላይ ለባለሙያው ጠረጴዛ፣ ለበሩና ለቦርሳ ማስቀመጫው ስታነሡ ለመደርደሪያ 25 ካሬ ሜትር ቢተርፍ ነው። ያ ቢበዛ 3,000 መጽሐፍ ይይዛል። የቀረው 19,000 በካርቶን ተከምሮ በክረምት ይሻግታል፤ ወይም አንባቢውን አስወጥቶ ይቀመጣል።

በዚያ ላይ ወጪው አለ። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ ጎንደር ድረስ ይጫናል፤ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤው ሳያልቅ ዕቃው ከደረሰ የማከማቻ ኪራዩ በቀን ይቆጠራል። ሰነዱ ተፈርሞ እጃችሁ ሳይገባ ኮንቴይነሩ ከአሜሪካ እንዳይነሣ።

የመጽሐፉ ዓይነትም ሌላ ጉዳይ ነው። አዘዞ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ብዙው ሰው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የራሱን ደብተር ይዞ ወንበርና መብራት ፍለጋ ይመጣል። ሁለተኛው ልጅ ነው። ሦስተኛው ልቦለድና ታሪክ በአማርኛ የሚያነብ ጎልማሳ ነው። ለሦስቱም የአሜሪካ ትምህርት ቤት ያስወገደው መጽሐፍ ብዙ አይረዳም። ለጋሹ የኮንቴይነሩን ማጓጓዣ ገንዘብ ለግዢ ያውለው። መጀመሪያ 1,500 መጽሐፍ ይበቃል፦ 600 አማርኛ ልቦለድ፣ ታሪክና ግጥም፣ 400 የልጆች (ግማሹ በአማርኛ)፣ 300 አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት የወጡ መማሪያና ማጣቀሻ በእያንዳንዱ ርዕስ 5 ቅጂ፣ 200 በእንግሊዝኛ ተመርጠው። ከዚያ በየዓመቱ 150 አዲስ። በአንድ ጊዜ 20,000 ከማስገባት በየዓመቱ 150 ማስገባት አንባቢ ያቆያል።

ስጦታ መጽሐፍ የግድ የምትቀበሉ ከሆነ ደንቡን አስቀድማችሁ ለጥፉ፦ የሕክምና፣ የሕግና የኮምፒውተር መጽሐፍ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነው አይገባም፤ የሻገተ አይገባም፤ ከአንድ ርዕስ ከሦስት ቅጂ በላይ አይገባም፤ የተቀበልነውን ለሌላ ለመስጠት መብት አለን።

ስለ ምዝገባው ሦስት የኛ አገር ችግር አለ፤ ከውጭ የመጣ አሠራር አይፈታቸውም። አንደኛ፣ ደራሲ በራሱ ስም ይመዝገብ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ሐ» ሥር እንጂ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብለው አይገለበጡም። የካታሎግ ሶፍትዌር የመጨረሻውን ስም ሊያስቀድም ይሞክራል፤ አስተካክሉት። ሁለተኛ፣ የኅትመት ዓመቱ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሁልጊዜ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በሰባትና በስምንት ዓመት የሚለያዩ መዝገቦች ይደባለቃሉ። ሦስተኛ፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አንባቢው «ፀሐይ» ብሎ ሲፈልግ መዝገቡ «ጸሀይ» ቢል ኮምፒውተሩ የለም ይላል። ርዕሱን መጽሐፉ ላይ እንዳለ ጻፉና በሌላ መስክ ደግሞ በአንድ ወጥ ሆሄ ድገሙት። ኮሃ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ተጨማሪ መስክ ይቀበላል። ለ1,500 መጽሐፍ ግን ጠንካራ ሽፋን ያለው የመዝገብ ደብተርና አንድ የኤክሴል ፋይል ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

መጽሐፍን በርዕሰ ጉዳይ የሚከፍለውን የዲዊ ምድብ ቁጥር አትዘርዝሩት። የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ አማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87። ግማሽ ያህሉ ስብስባችሁ 892.87 ላይ ስለሚያርፍ ያንን ቁጥር ትታችሁ «ልቦለድ»፣ «ግጥም»፣ «ተውኔት» የሚል ወረቀትና የደራሲውን የመጀመሪያ ሦስት ፊደል ጀርባው ላይ ለጥፉ። አንባቢ ራሱ ያገኘዋል።

ኖራና ድንጋይ፦

ስለ ቤቱ አጠር አድርጌ።

በርትራም እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጣው ትንሽ የሕንፃ መመሪያ ነበር፤ ገንዘቡን በጌጥና በጉልላት የሚያጠፉ አርክቴክቶችን ለመግታት ነው። ከምክሮቹ አንዱ ዛሬም ይሠራል፦ የጎንና የኋላ መስኮቶች ከወለል ስድስት ጫማ ያህል (1.80 ሜትር) ከፍ ብለው ይጀምሩ፤ ከሥራቸው ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ይሆናል። አንድ ባለሙያም ከጠረጴዛው ሆኖ አዳራሹን በሙሉ ማየት አለበት፤ መካከል ላይ ረጅም መደርደሪያ አታቁሙ፣ ከ1.20 ሜትር አይበልጥ።

ለጎንደር የምጨምረው ይህ ነው። ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር፤ የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ሽፋኑን ያነጣዋል፣ አንባቢውንም ዓይኑን ይመታዋል። ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ አይሞከር፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ማንም አያነብም። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር ማለፊያ በሽቦ ወንፊት ይደፈን፣ አለበለዚያ የሌሊት ወፍ ይገባል። መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ 5 ሳንቲሜትር፣ የታችኛው ደርብ ከወለል 10 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ የድንጋይ ግድግዳ በክረምት ያልበዋል፣ ሻጋታው የሚጀምረው ከግድግዳው ጋር በተጣበቀው መጽሐፍ ጀርባ ነው። መጽሐፉንም ጥብቅ አድርጋችሁ አትጠቅጥቁት፤ አየር ይግባው።

መደርደሪያውን ከቺፕውድ ለሚሠራ አናጢ ስትሰጡ ርዝመቱን 1.20 ሜትር ሊያደርገው ይፈልጋል፤ ቁርጥራጭ ስለሚቀንስለት ነው። እሺ አትበሉ። አንድ ሜትር መጽሐፍ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቺፕውድ በ1.20 ሜትር ላይ በሁለት ክረምት ይጎብጣል። 80 ወይም 90 ሳንቲሜትር፣ ሁሉም ከላይ ግድግዳው ላይ በብረት የታሰረ። ልጆች ይንጠላጠሉበታል።

መብራት ሲጠፋ ንባብ ቤቱ ይዘጋል። የጣሪያ ሶላርና ባትሪ ለመብራት ብቻ አስቡ እንጂ ለኮምፒውተር አትጨምሩ፤ ለ10 ባለ 12 ዋት አምፖል በምሽት 4 ሰዓት ማብራት 480 ዋት ሰዓት ነው፣ ይህን የሚችል ባትሪ ውድ አይደለም። የፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስከብረው የማታው ሰዓት ነው።

የአዘዞው፦

እግዜር ይስጥልን። የኮንቴይነሩን ስሌት ለለጋሹ ልኬዋለሁ። የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የስሙ ነገር ያጣላናል ወይ? ሌላው፣ ብዙ ንባብ ቤት መጽሐፉን ካዝና ውስጥ ቆልፎ ዝርዝር ብቻ ያሳያል፤ ይህ ለምን ይሆናል፣ እንዴትስ እንከላከለው?

መዝገብ ያዥ፦

ስሙ አያጣላችሁ። ካርኔጊ ስሙ እንዲጻፍ በውሉ አልጠየቀም፤ ብዙ ከተሞች በፈቃዳቸው ጻፉት። የአባቱ ስም በበሩ ላይ ቢሆን ክፉ የለውም፣ ሰነዱ ላይ ግን «የሕዝብ» የሚለው ቃል ከስሙ ይቅደም፤ ማን መግባት እንደሚችልም ይጻፍ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አትላንታ እ.ኤ.አ. በ1902 በካርኔጊ ገንዘብ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት ጥቁሮችን አላስገባም፤ የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ምሁር ዱ ቦይስ ባለ አደራዎቹ ፊት ቀርቦ ተከራከረ፣ ለጥቁሮች የተለየ ቅርንጫፍ የተከፈተው በ1921 ነው። ለጋሹ ውሉ ላይ «ለሁሉም» ብሎ ስላላሰረ ነው። ቦስተን ላይ ግን ጆሹዋ ቤትስ በ1852 50,000 ዶላር ሲሰጥ ቤቱ ለሁሉም በነፃ ክፍት እንዲሆን በደብዳቤው አስቀመጠ። የናንተ ሰነድ ላይ የቀበሌ መታወቂያ እንደማይጠየቅ፣ ልጆች ያለ ወላጅ መግባት እንደሚችሉ፣ ሴት ተማሪዎች ማታ የሚቀመጡበት ለበሩና ለጥበቃው የቀረበ ጠረጴዛ እንደሚኖር ይግባ።

ስለ ካዝናው ዋናው ምክንያት ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም። መጽሐፉ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) እንደ ቋሚ ንብረት ገቢ ይሆንና በባለሙያው ስም ይመዘገባል። አንድ ሲጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ያረጀውን ለመጣል አስወጋጅ ኮሚቴ መቋቋም አለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ ዓመት አይሰበሰብም። እንዲህ የታሰረ ሰው ይቆልፋል፤ ማንም ቢሆን ያደርገዋል። እንግሊዝም ውስጥ ይህ ክርክር ነበር፦ አንባቢው ከሰሌዳ ላይ ቁጥር አይቶ በመስኮት እየጠየቀ ይወስድ ነበር፣ ጄምስ ዳፍ ብራውን በ1894 ክለርከንዌል ላይ መደርደሪያውን ከፍቶ አንባቢው ራሱ እንዲያነሣ እስካደረገ ድረስ። ሌቦች ይጨርሱታል ብለው የተቃወሙት ብዙ ነበሩ።

መከላከያው በርክክቡ ቀን የሚጻፍ አንድ አንቀጽ ነው። መጽሐፉ እንደ አላቂ ዕቃ ይያዝ። በዓመት እስከ 3 ከመቶ የሚጠፋና የሚቀደድ ያለ ተጠያቂነት ከመዝገብ ይሰረዝ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ይጣራ። ለ1,500 መጽሐፍ 45 ማለት ነው፣ የዓመቱ 150 አዲስ ግዢ ይሸፍነዋል። የአስተዳደሩ ፋይናንስ ይህን አልቀበልም ካለ መጽሐፉን ለመንግሥት አታስረክቡ፤ ሕንፃውን ብቻ አስረክቡና መጽሐፉ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ በአደራ ይቀመጥ።

963፦

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ቆጠራው በሰኔ እንዳይሆን፤ የተፈታኞች ሰሞን ነው፣ ቤቱን አሥር ቀን መዝጋት አይቻልም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ባለው አድርጉት። ዕቃ ቤት ያነሡትን የሱቅ ኪራይ ከተቀበላችሁት ደግሞ ለመጽሐፍ መግዣ የሚውለው ድርሻ በውሉ ላይ በመቶኛ ይቀመጥ፤ ከሲሶ ባያንስ። ካልተጻፈ ጥገናና አበል ይወስደዋል።

ዕቃ ቤት፦

እስማማለሁ። የመግባቢያ ሰነዱን ሦስት ኮፒ አድርጉት፦ አንዱ ለአስተዳደሩ፣ አንዱ ለለጋሹ፣ አንዱ ደግሞ ላሚኔት ተደርጎ በንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሁሉ ሰው በሚያነበው ቦታ ይሰቀል። የበጀቱ ቁጥርና የመክፈቻ ሰዓቱ ያሉበት ገጽ ከፊት ይሁን።